ሁለት ምልክት ያለው ጫፍ

የኤሌክትሪክ ትምህርት በመጽሐፍ የሚጀመርበት ቦታና ኤሌክትሪክ በሰው እጅ የሚገባበት ቦታ አንድ አይደሉም። መጽሐፉ የሚነሣው ከነጥብ ነው፤ ርዝመትም ስፋትም ከሌለው፣ በባዶ ጠፈር ውስጥ ብቻውን ከሚቆም፣ የተወሰነ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ወይም ቻርጅ ተሸክሟል ተብሎ ከሚታሰብ ነጥብ። ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ ወደ መተማ በሚወርደው መንገድ ላይ በምትገኘው የጭልጋ ከተማ በአይከል ግን፣ እንደ አብዛኞቹ የኢትዮጵያ የወረዳ ከተሞችና በዙሪያቸው እንዳሉ ቀበሌዎች ሁሉ፣ ሰው ኤሌክትሪክን መጀመሪያ በእጁ የሚጨብጠው ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ተደርድሮ በሚሸጠው የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንደኛው ጉብ ያለች የብረት ቆብ የደፋና የመደመር ምልክት የተጻፈበት፣ ሌላኛው ጠፍጣፋና የመቀነስ ምልክት የተጻፈበት። ስለ ነጥቡ ተምሮ የመጣ ተማሪ ይህን ድንጋይ ሲያይ የሚያስበው የታወቀ ነው፦ በመደመሩ ጫፍ አዎንታዊ ቻርጅ፣ በመቀነሱ ጫፍ አሉታዊ ቻርጅ ተከማችቷል፤ ድንጋዩ አለቀ ማለትም ክምችቱ አለቀ ማለት ነው። ሐሳቡ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው፤ ለድንጋዩ ግን አይደለም። ስሕተቱም የመጠን ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው፤ የትኛው መነሻ፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ ስለሚያገላብጥ ቆም ብሎ መመርመር የሚገባው ነው።

ነጥቡና ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ በአንድ ዕቃ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሰሌዳ ነጣ ሲል የሚጠቆረው ከሞተ የባትሪ ድንጋይ ሆድ በሚወጣ ጥቁር ነገር ነው፦ ድንጋዩ ይፈለጣል፣ የዚንክ ቆርቆሮው ይላጣል፣ መሐል ላይ የተተከለችው የካርቦን ዘንግ ለብቻዋ ትወጣለች፣ በዙሪያዋ ታጭቆ የነበረው ጥቁር ጭቃ ተወቅጦ በውኃ ይበጠበጥና በጨርቅ ይቀባል። ይህ ጥቁር ነገር ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ የተባለ ውሁድ ከካርቦን ዱቄት ጋር ተደባልቆ ነው፤ ብናኙ ለሳንባም ለነርቭም ደግ ስላልሆነ ልማዱ ቢቀር ይሻል ነበር። በዚህ ሰሌዳ ላይ በነጭ ጠመኔ የሚጻፈው ቀመር ግን የነጥቡ ነው፦ ፖቴንሻል እኩል ይሆናል አንድ ቋሚ ቁጥር ተባዝቶ በቻርጁ መጠን፣ ተካፍሎ ለርቀቱ። ሰሌዳው ራሱ የባትሪ ሆድ ዕቃ ሆኖ ሳለ በላዩ የተጻፈው ቀመር ስለ ባትሪው አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ነጥቡ ለምን እንደተመረጠ መረዳት አያስቸግርም። ፈረንሳዊው ሻርል ኦጉስተን ኩሎምብ በ1785 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቀጭን ሽቦ በተንጠለጠለ ሚዛን ቻርጅ የተሸከሙ ትንንሽ ኳሶች የሚገፋፉበትን ጉልበት ለክቶ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ እንደሚወርድ አሳየ። ኳሶቹ ከመካከላቸው ካለው ርቀት አንጻር እያነሱ በሄዱ ቁጥር ሕጉ እየጠራ ስለሚሄድ፣ ሐሳብ የመጨረሻውን እርምጃ ተራምዶ ኳሱን ነጥብ አደረገው። ፖቴንሻል የሚባለው መጠን ከዚህ ጉልበት ይወለዳል፤ አንድ ኩሎምብ (የቻርጅ መለኪያ ነው) ቻርጅን ከነጥቡ እጅግ ሩቅ ከሆነ ስፍራ አምጥቶ በአንድ የተወሰነ ርቀት ላይ ለማድረስ የሚጠይቀው ሥራ ማለት ነው፣ መለኪያውም ቮልት ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለው ቋሚ ቁጥር በሜትርና በኩሎምብ ሲሰላ ዘጠኝ ቢሊዮን ገደማ ይሆናል፤ በዚህም መሠረት አንድ ሜትር ተራርቀው የተቀመጡ ሁለት የአንድ አንድ ኩሎምብ ቻርጆች የሚገፋፉበት ጉልበት ከ900 ሺህ ቶን በላይ ከሆነ ዕቃ ክብደት ጋር ይመዛዘናል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው፣ የአንድ ተራ የእጅ ባትሪ አምፖል በሦስትና በአራት ሴኮንድ ውስጥ አንድ ኩሎምብ እንደሚያሳልፍ ሲነገረው፣ ያ ሁሉ ቻርጅ በድንጋዩ ጫፍ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ድንጋዩም፣ የያዘው እጅም፣ ሱቁም ቦታቸው ላይ እንደማይገኙ መጠርጠር ይገባዋል።

በነጥቡ ቀመር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ አንድ ስምምነት አለ። ፖቴንሻሉ ዜሮ የሚሆነው ወሰን በሌለው ርቀት ላይ ነው፤ ማንም ደርሶበት የማያውቅ፣ ሊደርስበትም የማይችል ስፍራ የሁሉም መለኪያ መነሻ ተደርጎ ተወስዷል። ነጥቡ ብቻውን ስለሆነ የሚነጻጸርበት ሌላ ነገር የለውም፤ ስለዚህ መነሻው ከዓለም ዳርቻ ማዶ ተፈለገ። ለስሌት ይህ እጅግ ምቹ ነው። ጉዳቱ ለተማሪው የሚያወርሰው እምነት ነው፦ እያንዳንዱ ስፍራ፣ እያንዳንዱ ጫፍ፣ የራሱ የሆነ፣ ከሌላ ጋር ሳይነጻጸር የሚታወቅ ፖቴንሻል አለው የሚል እምነት።

ይህን የመነሻ ጉዳይ ለማየት አይከል ጥሩ ቦታ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከጎንደር ተነሥቶ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚደርስ ሰው ከፍታዋ ከተነሣበት ብዙም አይለይበትም፤ ከመተማ ተነሥቶ በገንዳ ውኃና በነጋዴ ባሕር በኩል የሚመጣው ግን ከ1000 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ ስለሚገባባት ደጋ ትሆንበታለች። የከተማዋ ከፍታ ስንት ነው የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው ከየት ተነሥቶ የሚለው ከተመለሰ በኋላ ነው። የባሕር ጠለል ለካርታ ሠሪ የሚመች መነሻ ይሁን እንጂ፣ ቁልቁል የሚወርደውን የጭነት መኪና ፍሬን የሚያግለው በአይከልና በመተማ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ባሕሩ በጉዳዩ የለበትም። ፖቴንሻልም እንዲሁ ነው፤ ሥራ የሚሠራው ልዩነቱ ነው፣ ዜሮው የትም ቢተከል አምፖሉ አይደምቅም አይደበዝዝም።

ማይክል ፋራዴይ ይህን በገዛ ሰውነቱ ፈትኖታል። በ1836 ለንደን ውስጥ እያንዳንዱ ጎኑ 12 ጫማ የሆነ ክፍል አሠርቶ፣ ግድግዳውን ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ነገር አልብሶና ከመሬት ለይቶ፣ ከውጭ በኩል ብልጭታ እስኪፈናጠቅ ድረስ በማሽን ቻርጅ እንዲሞላ አደረገ። እሱ ሻማና የኤሌክትሪክ መመርመሪያ መሣሪያዎች ይዞ ውስጥ ነበር፤ በክፍሉ ውስጥ አንዳች ለውጥ አላገኘም። ክፍሉ ከመሬት አንጻር በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ከፍ ብሎ ሳለ ውስጡ ላለው ሰው ይህ ከፍታ የለም ማለት ነው። አንድ ከተማ እንዳለ ከነሕዝቡ፣ ከነገበያው፣ ከነራዲዮኑ ወደ አንድ ሚሊዮን ቮልት ቢወጣ፣ ከተማው ከሌላ ነገር ጋር እስካልተነካካ ድረስ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ወደ ድንጋዩ ሲመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄ ጫፉ ላይ በእርግጥ ስንት ቻርጅ አለ የሚል ነው፤ ይህም በግምት ሊሰላ ይችላል። አንድ አስተላላፊ ዕቃ በአንድ ቮልት ስንት ቻርጅ እንደሚይዝ የሚናገረው መጠን ካፓሲታንስ ይባላል፤ ሬዲየሱ አንድ ሳንቲ ሜትር ለሆነ ኳስ ከአንድ ኩሎምብ ትሪሊዮንኛ ብዙም አይበልጥም። የድንጋዩን ጫፍ እንዲህ ያለ ኳስ አድርጎ የገመተና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን 1.5 ቮልት እኩል ያካፈለላቸው ሰው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ አምስት ሚሊዮን ገደማ ኤሌክትሮን ትርፍ ወይም ጉድለት ያገኛል። አምስት ሚሊዮን ብዙ ይመስላል። ነገር ግን 0.3 አምፒር የሚወስድ አምፖል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚያሳልፈው ቻርጅ ከዚህ ከ300 ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። ጫፉ መጋዘን ቢሆን ኖሮ የእጅ ባትሪው ከበራ በኋላ ሴኮንድ በትሪሊዮን ተከፋፍሎ ከሚገኙት ቁራጮች ጥቂቶቹ እንኳ ሳያልፉ በጠፋ ነበር፤ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራበት ያድራል። ይህ ስሌት በግምት የተሠራ ነው፣ የጫፉ ቅርጽ ቢለወጥ ቁጥሩ በጥቂት እጥፍ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ክፍተቱ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ስለሆነ ግን ፍርዱን የሚያናውጥ አይደለም።

እንግዲያስ 1.5 ቮልቱን የያዘው ምንድን ነው? መልሱ ከጫፎቹ ሳይሆን ከሆዱ ይገኛል። የድንጋዩ ዕቃ መያዣ የሆነው የዚንክ ቆርቆሮ ራሱ አሉታዊው ጫፍ ነው፤ ዚንኩ በአሞኒየም ክሎራይድ ወይም በዚንክ ክሎራይድ ወደራሰው ሊጥ ውስጥ ሲሟሟ እያንዳንዱ አቶም ሁለት ኤሌክትሮን ትቶ ይሄዳል፣ ከካርቦኗ ዘንግ ጎን ያለው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ደግሞ በውጭ በኩል ዞረው የሚመጡትን ኤሌክትሮኖች ይቀበላል። የቮልቱ ዝላይ የሚገኘው በ6 ሳንቲ ሜትሩ የድንጋዩ ርዝመት ተዘርግቶ ሳይሆን፣ ብረቱ ሊጡን በሚነካበትና ሊጡ ጥቁሩን ነገር በሚነካበት፣ ውፍረታቸው በናኖሜትር፣ ማለትም በሜትር ቢሊዮንኛ በሚለካ ሁለት ቀጫጭን ንብርብሮች ላይ ነው። ከላይ የተነሣው የከፍታ ንጽጽርም እዚህ ላይ ያበቃል፤ አይከልን ከመተማ በላይ አድርጎ የያዛት ዐለት ነው፣ ዐለቱም በየቀኑ የሚሠራው ሥራ የለም። ድንጋዩ ግን ኮረንቲ በተወሰደበት ቁጥር ልዩነቱን የሚጠብቀው ዚንክ እየበላ ነው።

እዚህ ላይ በነጥቡና በድንጋዩ መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ይገለጣል። በነጥቡ ዓለም መጀመሪያ የሚሰጠው ቻርጁ ነው፣ ፖቴንሻሉ ከእሱ ይሰላል፤ በድንጋዩ ዓለም መጀመሪያ የሚሰጠው የፖቴንሻል ልዩነቱ ነው፣ ቻርጁ ልዩነቱ የሚጠይቀውን ያህል ሆኖ ይከተላል። ለመጀመሪያው ዓለም ቅርብ የሆነ ምሳሌ በዚያው በጎንደር ደጋ በየቤቱ አለ። በበጋ፣ በተለይ በጥርና በየካቲት አየሩ ሲደርቅ፣ ማታ በጨለማ ናይለን ቅልቅል የሆነ ብርድ ልብስ ወይም ሹራብ የገፈፈ ሰው ጠጥ ጠጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ሰማያዊ ብልጭታም ያያል። ደረቅ አየር ብልጭታ የሚያሳልፈው በአንድ ሚሊ ሜትር 3 ሺህ ቮልት ገደማ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በብርድ ልብሱና በሰውዬው መካከል ሺዎች ቮልት ቆመው ነበር፣ ኃይሉ ግን እዚህ ግባ የማይባል፣ ብዙ ጊዜ በጁል ሺኛ የሚቆጠር ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። መተሻሸቱ ቻርጁን አስቀምጦ ሄዷል፤ ብርድ ልብሱ ከሰውነት እየራቀ በተጎተተ ቁጥር ያው ቻርጅ የሚያሳየው ቮልት ይጨምራል። የባትሪው ድንጋይ ጫፎች ግን እንዲህ አያደርጉም። በሁለቱ ጫፎች ላይ ረጃጅም ሽቦዎች ቢቀጠሉባቸው፣ ሽቦዎቹ ቢቀራረቡ ወይም ቢራራቁ፣ በላያቸው ላይ ያለው የቻርጅ መጠን ይለዋወጣል፤ የጎደለውን ድንጋዩ ይጨምራል፣ የተረፈውን ይመልሳል፣ 1.5 ቮልቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ብልጭታ ሊያፈናጥቅ የማይችለው ይኸው 1.5 ቮልት በዕድሜው ከ10 ሺህ ጁል የማያንስ ኃይል ይሰጣል፤ ሺዎቹ የብርድ ልብስ ቮልቶች ግን አንድ አምፖል ለማብራት እንኳ አይበቁም።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚጠልቀው ሁለት ድንጋዮች ራስና እግር ሆነው በአንድ የእጅ ባትሪ ውስጥ ሲገቡ ነው። የታችኛው ድንጋይ የመደመር ጫፍ የላይኛውን የመቀነስ ጫፍ ይነካል። የነጥብ ተማሪ እዚህ ላይ መደንገጥ አለበት፤ ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ ተብሎ ተምሯል፣ ታዲያ አዎንታዊውና አሉታዊው ጫፍ ፊት ለፊት ተነካክተው ለምን አይጠፋፉም? ብልጭታ የለም፣ ሙቀት የለም፣ የባትሪው ማብሪያ እስካልተጫነ ድረስ ኮረንቲም የለም። የሆነው ይህ ነው፦ ከመነካካታቸው በፊት ሁለቱ ድንጋዮች እርስ በርስ ምንም ዓይነት የተወሰነ ዝምድና አልነበራቸውም፣ የአንዱ ከፍታ ከሌላው አንጻር ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችል ነበር፤ በተነካኩበት ቅጽበት በጣት ከሚቆጠሩ ሚሊዮኖች የማይበልጥ ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ ሁለቱን ጫፎች እኩል አደረጋቸውና ነገሩ በዚያው አበቃ። ከዚያ በኋላ የተነካኩት ሁለት ጫፎች በኤሌክትሪክ ዓይን አንድ ስፍራ ናቸው። ያ ስፍራ ከታችኛው ድንጋይ ሥር ሲለካ 1.5 ቮልት ከፍ ይላል፣ ከላይኛው ድንጋይ ራስ ሲለካ 1.5 ቮልት ዝቅ ይላል፤ መደመርም ነው መቀነስም ነው። በላዩ ያለው ቻርጅ ስንት ነው ቢባል፣ እንደ አካባቢው ሁኔታ ጥቂት አዎንታዊ፣ ጥቂት አሉታዊ ወይም ዜሮ ሊሆን ይችላል፣ አምፖሉም ለዚህ ደንታ የለውም።

በጎንደር የአንድምታ ጉባኤ ውስጥ ያለፈ ሊቅ በዚህ የሚደነግጥ አይመስልም፤ አንድ ንባብ «አንድም» እየተባለ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ሲሸከም፣ አንዱ ሌላውን ሳይሽር ሁሉም በየአገባቡ ሲቆም ማየት ለእሱ የዕለት ሥራው ነው። ልዩነቱ የጫፉ ንባብ ተርጓሚው የሚያመሰጥረው አለመሆኑ ነው፤ ከሁለቱ ምልክቶች የትኛው እንደሚነበብ የሚወስነው የመለኪያው ሌላኛው ጫፍ የት እንደተነካ ነው። በጎንደርና በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ የተዘረጋው የ230 ሺህ ቮልት መስመርም ይህንኑ በሌላ መንገድ ይናገራል፤ የሚሸከመው ተለዋዋጭ ኮረንቲ ስለሆነ እያንዳንዱ ሽቦ ከመሬት አንጻር በሴኮንድ 50 ጊዜ መደመር፣ 50 ጊዜ መቀነስ ይሆናል፣ የትኛውም ምልክት የሽቦው ንብረት ሆኖ አይጻፍበትም።

የመማሪያ መጻሕፍት ነጥቡን የሚያስቀድሙት የታሪክን ቅደም ተከተል ተከትለው ነው ተብሎ ሊከራከርላቸው ይችላል፤ ኩሎምብ በ1785 ጽፏል፣ ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ደግሞ ዚንክና ብር እያፈራረቀ፣ በመካከላቸው በጨው ውኃ የራሰ ካርቶን እየከተተ የደረደረውን የመጀመሪያውን ባትሪ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ያስታወቀው በመጋቢት 1800 ነው። ክርክሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። የጉልበቱ ሕግ በእርግጥ ከባትሪው ይቀድማል፤ በኤሌክትሪክ ትምህርት ፖቴንሻል የተባለው ሐሳብ ስም አግኝቶ የቆመው ግን ባትሪው በየቤተ ሙከራው ከገባ በኋላ ነው። ስሙን የሰጠው ጆርጅ ግሪን የኖቲንግሃም ወፍጮ ቤት ባለቤት ልጅ፣ ራሱም ወፍጮ ፈጪ የነበረ፣ በልጅነቱ ከአንድ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ትምህርት ቤት ያየ ሰው ሲሆን፣ በ1828 በራሱ ወጪና አስቀድመው ገንዘብ በከፈሉ ጥቂት አንባቢዎች ድጋፍ ያሳተመው ድርሳን ለዓመታት አስተዋይ ሳያገኝ ቆይቷል። ከእሱ በፊት ሄንሪ ካቨንዲሽ ተመሳሳይ ሐሳብ ነበረው፤ አብዛኛውን ሳያሳትመው ስለሞተ ጽሑፎቹን ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ያወጣቸው በ1879 ነው። ስለዚህ ታሪክ ራሱ ከነጥብ ወደ ባትሪ ቀጥ ብሎ የሄደ አይደለም፤ መጻሕፍቱ ያቀኑት መንገድ ነው።

ቮልታም ቢሆን ስለሠራው ነገር የተሳሳተ እምነት ነበረው። ልዩነቱን የሚያመነጨው የሁለቱ ብረቶች መነካካት ብቻ ነው፣ ጨው ውኃው አስተላላፊ ከመሆን አያልፍም ብሎ ያምን ነበር፤ ኬሚካሉ ነው ባዮችና ንክኪው ነው ባዮች ከእሱ በኋላ መላውን 19ኛ ክፍለ ዘመን ተከራከሩበት። ክርክሩ የረዘመው ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ አንዳንድ ቁራሽ ስለያዙ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲነካኩ በእርግጥ በገጾቻቸው መካከል የፖቴንሻል ልዩነት ይፈጠራል፣ አምፖል የሚያበራው ኃይል ግን ከዚያ አይመጣም። በ1929 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ጉገንሃይም ነገሩን ወደ ሥሩ ወሰደው፤ በሁለት የተለያዩ ቁሶች ውስጥ ባሉ ሁለት ስፍራዎች መካከል ያለው ንጹሕ የኤሌክትሪክ ፖቴንሻል ልዩነት በሙከራ ሊለካ የሚችል ነገር አለመሆኑን አስረዳ። ኤሌክትሮን ከዚንክ ወጥቶ ካርቦን ውስጥ ሲገባ የሚሠራው ሥራ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ከቻርጆች መሳሳብና መገፋፋት የሚመጣ ኤሌክትሪካዊ፣ ሌላው እያንዳንዱ ቁስ ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ወይም አላልቶ ከመያዙ የሚመጣ ኬሚካዊ። ተፈጥሮ የምትሰጠው ድምሩን ነው። በአይከል የስልክ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ቴስተር የተባለ የቮልት መለኪያ ቀይና ጥቁር ዘንጎቹ ከአንድ ዓይነት ብረት ስለተሠሩ የሚያነበው ይህንኑ ድምር ነው። 1.5 የሚለው ቁጥር ስለዚህ በመጽሐፉ የነጥብ ቀመር ውስጥ ያለው ንጹሕ ፖቴንሻል አይደለም፤ ሁለቱ አንድ የቮልት መለኪያ ስለሚጋሩ ብቻ አንድ ይመስላሉ።

ቴስተሩ የማይናገረው ሌላም ነገር አለ። ራዲዮኑ ድምፁ ሰልሎ ድንጋዮቹ አልቀዋል ከተባለ በኋላ እያንዳንዳቸው ሲለኩ 1.2 ወይም 1.3 ቮልት ማሳየታቸው የተለመደ ነው፤ ቴስተሩ የሚወስደው ኮረንቲ ኢምንት ስለሆነ ድንጋዩ ያለ ሸክም ቆሞ ይለካል፣ አምፖል ሲገጠምበት ግን ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። በውስጡ ያለው ሊጥ ደርቆ፣ ዚንኩ ተበልቶ፣ የጥቁሩ ነገር ገጽ በውጤቶቹ ተሸፍኖ የኮረንቲው መተላለፊያ ጠቧል፤ ይህ የውስጥ እክል የውስጥ ሬዚስታንስ ይባላል። የገጠሩ ሰው ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ላይ የሚያሰጣው በከንቱ አይደለም፤ ሙቀቱ በሊጡ ውስጥ ያሉትን ቻርጅ ተሸካሚ ቅንጣቶች ያፍታታል፣ የተከማቹት ውጤቶችም በጊዜ ይበተናሉ፣ ስለዚህ ራዲዮኑ ለአንድ ምሽት ዜና የሚበቃ ትንፋሽ ያገኛል። የተበላው ዚንክ ግን አይመለስም። በነጥቡ ቀመር ውስጥ መድከም፣ መድረቅ፣ ማለቅ የሚባል ነገር የለም፤ ነጥቡ ቻርጁን ለዘላለም ተሸክሞ ይኖራል።

ይህ ሁሉ ተብሎ ነጥቡን ከንቱ ማድረግ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። አንድ ነጠላ ፕሮቶን አንድ ናኖሜትር ርቀት ላይ በባዶ ጠፈር የሚፈጥረው ፖቴንሻል በኩሎምብ ቀመር ሲሰላ 1.44 ቮልት ነው፤ በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ኤሌክትሮኑ በሚገኝበት ዓይነተኛ ርቀት ላይ ደግሞ 27 ቮልት ገደማ ይደርሳል። አቶሞች የተሠሩት እርስ በርስ ከሚሳሳቡና ከሚገፋፉ ቻርጆች በመሆኑ፣ አንድ ኤሌክትሮን ከአንድ ቁስ ወጥቶ ወደ ሌላው ሲገባ የሚተርፈው ልዩነት ከእነዚህ አሥሮች ቮልት ተቀናንሶ የሚቀር ጥቂት ቮልት ነው። የዚንኩ ድንጋይ 1.5፣ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የእርሳስ ክፍል 2 ገደማ፣ የእጅ ስልኩ የሊቲየም ባትሪ 3.7 የሆነው፣ አንድ ብቻውን 12 ቮልት የሚሰጥ ክፍል የጠፋውና የመኪና ባትሪ ስድስት ክፍል የሚደረደርበት ምክንያት ይኸው ነው። ነጥቡ ስለ ድንጋዩ ጫፍ የሚናገረው የለውም፤ ስለ ድንጋዩ ሆድ ግን ብዙ ይናገራል። ተማሪው ነጥቡን የሚፈልገው ከውጭ ነው፣ ነጥቡ ያለው ከውስጥ ነው።

ስለዚህ በአይከልም ሆነ በሌላ ወረዳ ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህራን ቅደም ተከተሉን ቢገለብጡት ይሻላል። ሁለት ድንጋይና አንድ ቴስተር ከየትም ይገኛል፤ ተማሪዎቹ አስቀድመው ሁለቱን ድንጋዮች ራስና እግር አድርገው ይደርድሩ፣ የመካከለኛውን ስፍራ ከታችም ከላይም ይለኩ፣ ምልክቱ ሲለወጥ በዓይናቸው ይዩ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሌዳው ተመልሰው ስለ ነጥቡና ወሰን ስለሌለው ርቀት ይማሩ። ፈተና የሚያወጡትም «የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ፖቴንሻል ስንት ነው?» ብለው ሲጽፉ ከምን አንጻር እንደሆነ ይጨምሩበት፤ ካልጨመሩበት ጥያቄው መልስ የለውም፣ ባዶ ቦታ ትቶ የወጣው ተማሪም ማርክ ሊቀነስበት አይገባም።